ልጅ፣ እጅ እና ዛፍ፦ የማኅበረሰብ ኪነ ጥበብ ልጆችን ከተፈጥሮ ጋር የሚያገናኘው መቼ ነው?

(ከዚህ በታች የሚነበበው በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በቃል የቀረበ ንግግር ነው። የንግግርነት ጠባዩ እንዲጠበቅ በአርትዖት ብዙ አልተነካም።)



ንግግሬን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በተዘጋጀ የሥዕል ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ ተጋብዤ ነበር። ርእሱ «አካባቢያችንን እንጠብቅ» የሚል ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። ልጆቹ በአንድ ሰፊ ክፍል ተቀምጠው በቀለም እርሳስ ሁለት ሰዓት ያህል ሠሩ። ሥራዎቹ ተሰብስበው ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ ግን የተለያዩ ልጆች የሠሯቸው አይመስሉም ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዛፍ ነው የሣሉት፤ ቀጥ ያለ ቡናማ ግንድ፣ በላዩ ክብ አረንጓዴ ደመና፣ በደመናው ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች። ነጠብጣቦቹ ምን እንደሆኑ አንዱን ልጅ ስጠይቀው «ፖም ነው» አለኝ። በዚያ አካባቢ የፖም ዛፍ የለም። ከዛፉ በስተግራ ጉቶና መጥረቢያ፣ በስተቀኝ የምትስቅ ፀሐይ አለች።

በክፍሉ መስኮት በኩል አንድ ትልቅ ዋንዛ ቆሞ ነበር። ነጭ አበባው ፈክቷል፤ የንቦቹ ድምፅ እስከ ውስጥ ይሰማል። ከልጆቹ አንድም ያን ዋንዛ አልሣለም። እኔም፣ ዳኛው፣ «በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመልከቱ» ማለት አልታወሰኝም። በጽዳትና በቀለም አጠቃቀም ለበለጠችው ልጅ አንደኛ ሽልማት ሰጠን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ተለያየን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ጉዳይ ወደዚያው ትምህርት ቤት ስመለስ ዋንዛው አልነበረም። በቦታው መማሪያ ክፍል ተሠርቶበታል። መማሪያ ክፍል ማስፈለጉን አልክድም፤ ዛፍ ሁሉ አይነካ የሚል ሰውም አይደለሁም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። መቼ እንደተቆረጠ ልጆቹን ስጠይቅ እዚያ ዛፍ እንደነበረ የሚያስታውስ አላገኘሁም። የተሸለመው ሥዕል ግን መስታወት ለብሶ በቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ሥዕልና ስለዚያ ዋንዛ ነው። ኪነ ጥበብ ልጆችን ወደ ተፈጥሮ ያቀርባል የሚለው አባባል በየስብሰባው ይደጋገማል፤ በፕሮጀክት ሰነዶችም ውስጥ አይጠፋም። እኔ የምለው ግን፣ ሁልጊዜ አያቀርብም፤ አንዳንዴ እንዲያውም በልጁና በዛፉ መካከል የሚቆም መጋረጃ ይሆናል ነው። ታዲያ የሚያቀርበው መቼ ነው?

በመጀመሪያ ልጆቹን ከወቀሳ ነፃ እናውጣቸው። ፈረንሳዊው ሊቅ ዦርዥ አንሪ ሉኬ በ1927 እ.ኤ.አ. ስለ ልጆች ሥዕል ባሳተመው መጽሐፍ ልጅ የሚሥለው ዓይኑ ያየውን ሳይሆን አእምሮው የሚያውቀውን ነው ብሎ አስረድቷል። ቪክቶር ሎወንፌልድም በ1947 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው ይህንኑ አስፍቶ፣ ልጅ በ7 እና በ9 ዓመት ዕድሜ መካከል ለሰው፣ ለቤት፣ ለዛፍ የየራሱን ቋሚ ምልክት እንደሚያበጅ አሳይቷል። ይህ የጤናማ ዕድገት ምልክት እንጂ ጉድለት አይደለም። ጥያቄው ምልክቱ ከየት መጣ የሚል ነው። ልጁ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ወድቆ፣ ፍሬውን ቀጥፎ በልቶ ያበጀው ምልክት አንድ ነገር ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፍ፣ ከቴሌቪዥንና ከግድግዳ ማስታወቂያ የተቀበለው ምልክት ሌላ ነው። ሎወንፌልድ የማቅለሚያ ደብተሮችን አጥብቆ የተቃወመው በዚሁ ምክንያት ነበር። የሌላ ሰው መስመር የልጁን መስመር ይተካዋል።

በ2002 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ አጭር ጥናት ወጥቶ ነበር። እነ አንድሩ ባልምፎርድ በብሪታንያ ለሚገኙ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች አሳዩ፤ ከፊሎቹ የአገሩ የተለመዱ እንስሳትና ዕፀዋት፣ ከፊሎቹ ፖክሞን የሚባለው ጨዋታ ገጸ ባሕርያት ነበሩ። የ8 ዓመት ልጆች ከፖክሞኖቹ ወደ 80 በመቶ የሚሆኑትን በስም ለዩ፤ ከአገራቸው እንስሳትና ዕፀዋት ግን የለዩት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጥናት የሚያነሣው ልጆች ሰነፉ ለማለት ነው። እኔ የተረዳሁት በተቃራኒው ነው። ልጆች መቶ ፍጡር በስም፣ በመልክና በጠባይ ለይተው የመያዝ አስደናቂ ችሎታ አላቸው። ያ ችሎታ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ እኛ ካልሞላነው ሌላው ይሞላዋል። ስሙ የማይታወቅ ዛፍ ደግሞ ሲጠፋ «ጠፋ» የሚለው ሰው አይኖርም። የእኔ ዋንዛ የደረሰበት ይኸው ነው።

«የማኅበረሰብ ኪነ ጥበብ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልግለጽ። ባለሙያ ሠርቶ በአደባባይ ያቆመውን ሐውልት ወይም የቀባውን ግድግዳ ማለቴ አይደለም፤ ያ ለማኅበረሰብ የቀረበ ኪነ ጥበብ ነው። እኔ የምለው ሰዎች በጋራ የሚሠሩትን፣ በጋራ የሚያውቁትን፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚያስተላልፉትን ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

በጎጃምና በጎንደር አካባቢ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሲደርስ ልጃገረዶች እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ። እንግጫ በመስክና በረግረግ ዳር የሚበቅል ሣር መሰል ተክል ነው። ልጃገረዶቹ በቡድን ሆነው እየዘፈኑ ይነቅሉታል፤ ይጎነጉኑታል፤ ከዓደይ አበባ ጋር አስማምተው ለቤተሰብና ለጎረቤት ያበረክቱታል፣ በቤቱ ምሰሶም ላይ ያስሩታል። በማግሥቱ የአበባየሆሽ ጨዋታ አለ። በከተማ ደግሞ ወንዶች ልጆች በየወረቀቱ ፀሐይ፣ አበባ፣ ጫጩት፣ መልአክ ሥለው በማለዳ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ሥዕሉን ይሰጣሉ፣ ሳንቲም ወይም የድፎ ቁራሽ ይቀበላሉ። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል በልጅነቱ ይህን ያላደረገ ጥቂት ነው። እኔ ራሴ ጫጩት መሣል ስለማልችል ሁልጊዜ ፀሐይ ነበር የምሥለው።

እስቲ እንግጫውን እንደ ኪነ ጥበብ ትምህርት እንመርምረው። የሥራው ቀን የሚወሰነው በተክሉ ነው። ክረምቱ ካልወጣ፣ ሜዳው ካላበበ ሥራው የለም። ዓደይ አበባ ቢደንስ ከሚባለው የዕፀዋት ወገን ነው፤ ፈክቶ የሚታየው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ ልጅቱ የአገሯን የዝናብ መውጫና የአበባ ጊዜ በሰውነቷ ታውቃለች። ከዚያም ተክሉ ወዳለበት መሄድ ግድ ነው። የትኛው መስክ እርጥብ እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት የነበረው ዘንድሮ ታርሶ እንደሆነ የምታየው በእግሯ ሄዳ ነው። የምታስተምራት መምህርት አይደለችም፤ በ3 ወይም በ4 ዓመት የምትበልጣት የጎረቤት ልጅ ናት። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አይሸጥም፣ አይሸለምም፤ ይሰጣል። ተቀባዩ ሽማግሌ ይመርቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ «ተፈጥሮን እንጠብቅ» የሚል አንድም ቃል አይነገርም። ነገር ግን ያ ረግረግ ዳር ሲታረስ ወይም ሲደርቅ በመንደሩ ውስጥ ቅር የሚላቸው 20 ልጃገረዶች አሉ። ተፈጥሮ ጥበቃ የሚያስፈልገው ይህን ቅሬታ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ስፌት ነው። ስፌትን የሴቶች የቤት ሥራ ብለን በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥነው ቆይተናል። መሶብ፣ ሰፌድ፣ ሙዳይ የሚሰፋው በዋናነት ከስንደዶና ከአክርማ ነው፤ ሁለቱም ሣሮች ናቸው። አንዱ ለመሙያ፣ አንዱ ለመጠቅለያ ይሆናል፤ በቀለም የተነከረው አለላ ጌጡን ያወጣል። ልጅቱ ወስፌ ከመያዟ በፊት የምትማረው ሰበዙን ነው። የትኛው ሣር ሲላላ ይሰነጠቃል፣ የትኛው ቶሎ ካልተለቀመ ይደርቃል፣ ከየትኛው ተዳፋት የሚገኘው ረጅም ነው? እናቷ ይህን የዕፀዋት ጥናት ብላ አታስተምራትም፤ ጥሩ ሙዳይ እንድትሰፋ ብቻ ታስተምራታለች። ሣሩን የምታውቀው ሥራው ስለሚጠይቃት ነው። እዚህ ላይ ከዚያ የውድድር ሥዕል ጋር ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ዛፍ በቀለም እርሳስ ለመሣል ዛፍ መኖር አያስፈልገውም፤ ሙዳይ ለመስፋት ግን ስንደዶ መኖር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሣር የሚጠይቅ ሥራ ሣሩን ይጨርሰው የለም ወይ? አዎ፣ ሥርዓት ከሌለው ይጨርሰዋል። ስለዚህ ወደ መንዝ ጓሳ ልውሰዳችሁ። በሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር አገር አለ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ከዝናብ ለሚያስጥለው ገሳ ይውላል። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአባቶች ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በውሳኔ ይከፈታል፣ ታጭዶ እንደገና ይዘጋል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የርስት መሠረት ሲያነሣው ጥበቃው ላላ፤ በኋላም ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶ መለሰው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ከሚኖሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ገመድ የሚገምድና ክዳን የሚከድን እጅ ሣሩን መፈለጉ ነው። የእጅ ሥራው ፍላጎቱን ይፈጥራል፤ ሥርዓቱ ፍላጎቱን ይገራል። አንዱ ያለሌላው አይቆምም። ስለዚህ ለልጆች የኪነ ጥበብ ፕሮግራም የምትቀርጹ ሁሉ እጁን ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱንም አስተምሩ። እንግጫ ስንነቅል ስንት እንተዋለን የሚለው ጥያቄ ከጉንጉኑ እኩል የትምህርቱ አካል ነው።

አሁን ያለንበትን ደግሞ እንመልከት። በአዲስ አበባ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ከተባዛ ቆይቷል። ልጁ በእጁ አይሥልም፤ የታተመ ወይም ፎቶ ኮፒ የተነሣ ይገዛል፣ ያንኑ ይዞ ይዞራል። ዓደይ አበባው ከገበያ ይገዛል፣ አንዳንዴም ፕላስቲክ ነው። ልጁን አልከስም፤ ጎረቤቱ ሥዕሉን ሳያይ ሳንቲሙን የሚሰጥ ከሆነ ልጁ ለምን ሌሊቱን ሲሥል ያድራል? ሥዕሉን ያረከሰው ልጁ ሳይሆን ተቀባዩ ነው። በሚቀጥለው መስከረም አንድ ልጅ በራችሁን ሲያንኳኳ «ይህን አንተ ነህ የሣልኸው? አበባውን የት አየኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ምንም በጀት የማያስፈልገው የማኅበረሰብ ኪነ ጥበብ ፕሮግራም ይህ ነው።

ከአገራችን ወጣ ብዬ ሁለት ተሞክሮዎችን ላንሣ፤ ምክንያቱም ነባር ልማድ በሌለበት፣ ወይም በጠፋበት፣ አዲስ መፍጠር ይቻላል ወይ የሚለውን ስለሚመልሱ ነው።

ሴንት ሉሲያ በካሪቢያን ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በዓለም ላይ በዚያች ደሴት ብቻ የሚገኝ አንድ በቀቀን አለ፤ የአገሩ ሰው ዣኮ ይለዋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 100 ገደማ ደርሶ ነበር፤ ይታደናል፣ ለሽያጭ ይያዛል፣ ጫካውም ይመነጠራል። ፖል በትለር የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ከደሴቲቱ የደን መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ አንድ ዘመቻ ጀመረ። በዘመቻው ውስጥ የበቀቀን ልብስ ለብሶ በየትምህርት ቤቱ የሚዞር ሰው ነበር፤ ዘፈን ተዘፈነለት፤ ልጆች ሣሉት፤ በየግድግዳው ታየ። በ1979 እ.ኤ.አ.፣ ደሴቲቱ ነፃነቷን ባገኘችበት ዓመት፣ ዣኮ ብሔራዊ ወፍ ሆነ። በ1980 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የወፉ ቁጥር በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ወፉን ያዳነው ሥዕል ነው ብል ዋሸሁ፤ ሕጉ፣ የደን ጠባቂዎቹ፣ የተከለለው ጫካ አሉበት። ነገር ግን ሕጉ የሰው ልብ ያገኘው ወፉ አስቀድሞ የእኛ ነው ስለተባለ ነው። ትኩረቱም በጥቅሉ «ተፈጥሮ» ላይ አልነበረም፤ በዚያ አገር ብቻ በሚኖር፣ ስም ባለው በአንድ ወፍ ላይ ነበር። የእኛ ልጆች በየክፍሉ አንበሳና ዝሆን ሲሥሉ አያለሁ፤ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮን፣ ጭላዳን የሚሥል ልጅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ከኬንያ ነው። በሰሜናዊው የኬንያ ጠረፍ ባለው በኪዩንጋ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ማዕበሉ ከሩቅ አገር ሳይቀር የሚያመጣው የነጠላ ጫማ ክምር የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ወደሚጥሉበት አሸዋ እንዳይደርሱ ያውክ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጁሊ ቸርች የተባለች የባሕር ጥበቃ ባለሙያ የመንደሩ ልጆች ከዚያ ላስቲክ መጫወቻ ሲሠሩ አየች። ከልጆቹ ጨዋታ ተነሥቶ የመንደሩ ሴቶች ጫማውን እየሰበሰቡ፣ እያጠቡ፣ እየቀረጹ የእንስሳት ቅርጽ መሥራት ጀመሩ፤ አሸዋው እየጸዳ ሥራውም መተዳደሪያ ሆነ። እኔን የሚስበኝ የመነሻው አቅጣጫ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ከአዋቂ ወደ ልጅ እናስተላልፋለን፤ በኪዩንጋ ግን አዋቂው ከልጅ ወሰደ። የወሰደውም ባለሙያዋ ቆም ብላ ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ ስላየች ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ፍርሃት አንድ ቃል ልበል። ዴቪድ ሶቤል የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ፣ ትንንሽ ልጆችን ስለ ደን መመናመንና ስለ ምድር መጥፋት ቀድመን ካስተማርናቸው ተፈጥሮን ከመውደዳቸው በፊት ይፈሩታል፣ ከዚያም ይሸሹታል ይላል። የእኛ የውድድር ሥዕሎች በጉቶ፣ በመጥረቢያና በተሰነጠቀ መሬት የተሞሉ ናቸው። የ8 ዓመት ልጅ ያልወጣበትን ዛፍ ቀብር እንዲሥል እናዝዘዋለን። ይህ ጭካኔ ይመስለኛል።

ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ያለ ሥራ ልምድ ይህን ሁሉ ብናገር አታምኑኝም። እኔና ጥቂት ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ያህል በአንድ የገጠር ደብር ከ8 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ጋር ሠርተናል። የሰሜን ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ምን እንደያዙ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም። ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» መጽሐፉ የምታውቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሊቅ ነው፤ በደቡብ ጎንደር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ብቻ 168 የእንጨታማ ዕፀዋት ዝርያዎችን መዝግቧል። እኛ የሠራንበት ደን ግን ትንሽ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዙሪያውን ትጨርሱታላችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዛፍ ይመርጣል፤ በየወሩ ያንኑ ዛፍ ይሥላል። ወረቀቱ የካርቶን ቁራጭ፣ እርሳሱ ከምድጃ የወጣ ከሰል ነው። አረንጓዴ ቀለም አልሰጠናቸውም፤ ሆን ብለን ነው። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ደመናውን ሣሉ። «በደንብ እዩ» ማለታችን ምንም አልለወጠም። ለውጥ ያመጣው ዓይናቸውን ጨፍነው ግንዱን በእጃቸው እንዲዳስሱ፣ ከዚያም ወረቀቱን በቅርፊቱ ላይ አድርገው በከሰል እንዲያሹት ማድረጋችን ነው። የዝግባ ቅርፊትና የብሳና ቅርፊት አንድ እንዳልሆነ በወረቀቱ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ደመናው ቀስ በቀስ ተበተነ፤ ቅርንጫፍ፣ ቀዳዳ፣ የወፍ ጎጆ፣ በግንዱ ላይ የሚወጣ ጉንዳን መታየት ጀመረ። ስሞቹን ያስተማሯቸው እኛ አይደለንም፤ የደብሩ መሪጌታና የአብነት ተማሪዎች ናቸው። መሪጌታው መቋሚያ ከወይራ፣ ከበሮ ከዋንዛ እንደሚሠራ፣ የትኛው ቅጠል ለቀለም እንደሚሆን ሲነግሯቸው ልጆቹ ደኑን እንደ ዕቃ ግምጃ ቤትና እንደ ዘመድ ቤት ማየት ጀመሩ።

በ5ኛው ወር አንዲት ልጅ ያላሰብነውን ነገር አመጣች። ዶቅማዋን ከሥሯ ጀምራ ስትሥል መሬቱን ባዶ አድርጋ ተወችው። «ሥሩ ምንም የለም?» ብዬ ጠየቅኋት። «የለም፤ ልጆች የሉትም፤ ሁሉም ሽማግሌ ናቸው» አለችኝ። ሄደን አየን፤ ልክ ናት። ከብቶች ገብተው ችግኙን ስለሚበሉትና ስለሚረግጡት ከትልልቆቹ ዛፎች በታች የሚያድግ ቡቃያ አልነበረም። ይህ ለደን ሊቃውንት አዲስ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ የሚደክሙት ስለዚሁ ነው። ለደብሩ ሽማግሌዎች ግን አዲስ ነበር፤ ደኑ ስላረጀ ሳይሆን ስላማረ ብቻ ያዩት ነበርና።

ሥዕሎቹን በሰንበቴ ቀን በግቢው ዙሪያ በገመድ አንጠለጠልናቸው። ሽማግሌዎቹ የየልጃቸውን ዛፍ እየፈለጉ ሲዞሩ የዚያችን ልጅ ሥዕል አዩ፤ ንግግር ተጀመረ። ንግግሩ ሁሉ ጣፋጭ አልነበረም። ከብቶቹ በግቢው የሚያልፉት ወደ ውኃ ለመውረድ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ አንዳንዱ ቤተሰብ ሩቅ ይዞራል። «ልጅ ሣለች ተብሎ የከብት መንገድ ይዘጋል?» ያሉ ነበሩ፤ ክርክራቸውም መሠረት ነበረው። በመጨረሻ በምሥራቁ በኩል በእሾህ ታጠረ፤ በምዕራቡ፣ በውኃው መንገድ በኩል፣ እስካሁን ክፍት ነው፤ ጉዳዩም አላለቀም። እኔ ግን ያን ክርክር ከየትኛውም የተሸለመ ሥዕል አበልጣለሁ። አንድ የከሰል ሥዕል አንድን መንደር ስለ ችግኝ እንዲከራከር ካደረገ ሥራውን ሠርቷል።

ከዚህ የተነሣ የሥዕል ውድድርን በተመለከተ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፤ ቢቀር እመርጣለሁ። ካልቀረ ግን ቢያንስ ከቤት ውጭ ይደረግ፤ ርእሱም መፈክር ሳይሆን የአንድ ፍጡር ስም ይሁን። የግድግዳ ሥዕል የሚያሠሩ ወጣት ሠዓልያን እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ግድግዳውን ከመቀባታችሁ በፊት ከልጆቹ ጋር በአካባቢው አንድ ወር ተመላለሱ፤ በግድግዳው ላይ የሚወጣው ዛፍ ልጁ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ዛፍ ይሁን፤ ስሙም በአካባቢው ሰው አጠራር ከሥሩ ይጻፍ። የመምህራን ማሠልጠኛ ባልደረቦቼን ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሥዕልን ከሳይንስ ክፍለ ጊዜ አትለዩት። ቅጠልን በእጁ የሣለ ልጅ ጠርዙ መጋዝ መሰል መሆኑን ሳይነገረው ያውቃል።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ከግቢያችን በስተጀርባ ባለው ወንዝ ዳር ከሠፈሩ ልጆች ጋር እንጀምራለን። ለመሳተፍ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካርቶንና ከሰል ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ የቀለም እርሳስ በቤት ይቅር። ወንዙ ቆሻሻ ነው፣ ሽታም አለው፤ ሆኖም ከዳሩ አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል፤ ልጆቹም ፍሬውን ያውቁታል። ከዚያ እንነሣለን።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።